ግቢ ውስጥ የተቀበረውን የፍሳሽ ቱቦ እንዴት እናግኘው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ነው። እዚያ ያለ ቤት ፍሳሹን የሚለቀው ግቢው ውስጥ ወደተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ቤቱን ከታንኩ የሚያገናኘው ቱቦ ደግሞ አፈር፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ለብሶ ይረሳል። የሚታወሰው ሽንት ቤቱ አልወርድ ያለ ዕለት ነው። ያኔ የመጀመሪያው ሐሳብ መቆፈር ይሆናል። የእኛ ምክር ተቃራኒው ነው፤ ዶማ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው።

እስከ ዛሬ የት እንዳለ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ማወቁ ምን ይጠቅመኛል?

ቱቦው ካልተዘጋና ግቢው ውስጥ ምንም የማትሠሩ ከሆነ ላይጠቅማችሁ ይችላል። ግን ሰርቪስ ቤት ልትጨምሩ፣ አጥር ልታስቆፍሩ፣ ዛፍ ልትተክሉ ወይም ግቢውን ልታስነጥፉ ካሰባችሁ ቀድማችሁ እወቁት። አሸዋ የጫነ መኪና ግቢ ገብቶ፣ ብዙም ሳይጠልቅ በተቀበረ ቱቦ ላይ ሲቆም ወዲያው ምንም አይሰማም። ችግሩ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አሸዋውን የሚያስታውሰው የለም።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከቤት ውስጥ። ግቢው ውስጥ መንከራተት አያስፈልግም።

ሽንት ቤት ግቡና መቀመጫው የትኛው የውጭ ግድግዳ ጋ እንደሚቀርብ እዩ። ከዚያ ከመስኮቱ ጠርዝ እስከ መቀመጫው መሃል በሜትር ለኩ። ወደ ውጭ ውጡና ያችን ከፍ ብላ የተሠራች ትንሽ መስኮት ፈልጉ። ያንኑ ርቀት በውጭ በኩል ስትለኩ ቱቦው ከቤቱ የሚወጣበትን ቦታ በግምት አገኛችሁ ማለት ነው። በዚያው አካባቢ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ጣሪያ የሚወጣ የአየር ማስወጫ ቱቦ ካለ ደግሞ ግምታችሁ ጠንክሯል። ፎቅ ቤት ከሆነ ነገሩ ይቀልላል፤ ከላይ የሚወርደው ቱቦ መሬት የሚገባበት ቦታ በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ የግቢውን ሌላኛ ጫፍ አስቡ፤ ታንኩን ማለት ነው። ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ታንኩ ብዙ ጊዜ በግቢው ዝቅተኛ ወገን ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ጎማ መድረስ ስላለበት ታንኩን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ መሥራት የተለመደ ነው። የግቢው ዝቅተኛ ወገን በበሩ በኩል ከሆነ ፍለጋችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ሁለቱ ጫፎች ከታወቁ መሃሉ ብዙ አማራጭ የለውም። ቱቦ በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ ማንም ሠራተኛ ያለ ምክንያት ግቢ አያዞረውም። ወይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ከግድግዳው አንድ ሜትር አካባቢ ርቆ ቤቱን ተከትሎ ይሄድና ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል።

የሚያውቅ ሰው መጠየቅስ?

ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። የቀድሞውን ባለቤት፣ ግንባታውን የተከታተለውን ፎርማን፣ በሰፈሩ የቆየውን ዘበኛ ጠይቁ። ቤታችሁ የማኅበር ቤት ወይም የሪል እስቴት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ጋ ግቡ። እነዚህ ቤቶች በአንድ ፕላን ነው የሚሠሩት። የጎረቤታችሁ ማንሆል (ክዳን ያለው የቱቦ መፈተሻ ጉድጓድ) ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሁለት ሜትር ርቆ ከተገኘ የእናንተም እዚያው አካባቢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ ቤት የሚሠራው ፊት ለፊት እንደሚተያይ መንትያ ተገልብጦ ስለሆነ ቀኙ ግራ ሊሆን ይችላል።

ፕላኑ በእጄ አለ። እንዳለ ልመነው?

ግማሹን እመኑት። ለግንባታ ፈቃድ የቀረበው የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ መስመር) ፕላን የሚያሳየው የታሰበውን ነው። ቆፋሪው ድንጋይ ሲገጥመው ዞር ብሎ ማለፉን፣ ባለቤቱም «ታንኩ እዚህ ይሻላል» ብሎ ማዛወሩን ፕላን አይጽፍም። ፕላኑ ላይ ከመስመሮቹ ይልቅ ትንንሾቹን አራት ማዕዘኖች እዩ። ማንሆሎቹ እነሱ ናቸው። ቱቦ የሚታጠፍበትና ሁለት ቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ማንሆል ይሠራል። ሁለት ማንሆል በመሬት ላይ ካገኛችሁ በመሃላቸው ያለው ቱቦ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ ሥሩ።

ግቢዬ ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ ነው። ማንሆሎቹ ከሥሩ ተቀብረው ይሆን?

በጣም ይቻላል። ማንሆል ክዳን ግቢ ውስጥ ሲታይ ስለማያምር ብዙ ሰው ሴራሚክ ያስለብሰዋል። ውበቱን ወድደን ችግሩን ገዛን ማለት ነው።

መፈለጊያው ቀላል ነው። የመዶሻ እጀታ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ይዛችሁ በገመታችሁት መስመር ላይ ቀስ እያላችሁ መሬቱን አንኳኩ። ከሥሩ የተደለደለ አፈር ካለ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ባዶ ከሆነ ይጎላል፤ ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል። ብቻ ሴራሚኩ በደንብ ሳይጣበቅ ቀርቶም ሊጎላ ስለሚችል ድምፁ ከአራት ማዕዘን ስፋት ጋር መምጣቱን አረጋግጡ። ጎላ ያለው ቦታ ሥልሳ በሥልሳ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው የፉጋው ስንጥቅም ይናገራል፤ ክዳኑ ከዙሪያው ተነጥሎ ትንሽ ስለሚነቃነቅ ጠርዙን ተከትሎ ፉጋው ይሰነጠቃል።

ስታነሡም አንድ ሴራሚክ ብቻ አንሡ። መጀመሪያ ግን የዚያ ዓይነት ሴራሚክ ትርፍ ቤት ውስጥ መኖሩን እዩ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ከገበያ ማግኘት ፈተና ነው።

ወጥ ቤቱ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት?

ሁልጊዜ አይደለም። የሽንት ቤቱ በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ወደ ታንኩ ይሄዳል። የእጅ መታጠቢያና የሻወር ቀጭን ቱቦ አንዳንድ ቤት ከእሱ ጋር ይቀላቀላል፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ ለብቻው ወጥቶ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይገባል። ወደ መንገድ ዳር የዝናብ ቦይ የተለቀቀም አለ፤ ይህኛው መስተካከል ያለበት ነው።

ለመለየት የመጀመሪያውን ማንሆል ክፈቱ። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይሁን፣ አንድ ሰው ማንሆሉ ጋ። የቤቱ ሰው በየተራ ይለቃል። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን፣ ቀጥሎ የሻወሩን፣ ከዚያ የሽንት ቤቱን። ሲለቅ «ለቀቅኩ!» ይበል። ማንሆሉ ጋ ያለው ሰው ውሃው መድረሱንና በየትኛው ወገን እንደገባ ይጽፋል። ውሃው የትኛው እንደሆነ ግራ ካጋባ የምግብ ቀለም በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ። የልብስ ሳሙና አረፋም ይሠራል። የግድግዳ ቀለም ግን በፍጹም አይጨመር። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀለሙ ካልመጣ ያ መስመር ሌላ መውጫ አለው።

ማንሆል ከሌለም ጆሮ ይሠራል። ማታ፣ መንገዱና ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ አንድ ሰው ሙሉ ባልዲ ውሃ ባንድ ጊዜ መቀመጫው ውስጥ ይገልብጥ። ሌላው ውጭ ባዶ ብርጭቆ መሬቱ ላይ ደፍቶ ጆሮውን ይደግፍበት። ቱቦው ጥልቀት ከሌለውና መሬቱ ኮንክሪት ከሆነ የውሃው ሩጫ ይሰማል። ለስላሳ አፈር ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ምን ያህል ጥልቀት ላይ ይሆናል?

በሒሳብ መገመት ይቻላል። የ110 ቱቦ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ቤቱ አጠገብ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተገኘና ታንኩ 12 ሜትር ከራቀ፣ በሁለት ሳንቲ ሜትር ስሌት 24 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ታንኩ ጋ ሲደርስ 64 አካባቢ ነው። ይህ መሬቱ ሜዳ ከሆነ ነው። ግቢው ራሱ ወደ ታንኩ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ልዩነቱ ይጠብባል። በኋላ አፈር ተደልድሎ ከፍ ከተደረገ ደግሞ ይጨምራል።

ሒሳቡ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። ቆፍራችሁ ከሚጠበቀው በጣም ላይ ወይም በጣም ታች ቱቦ ካገኛችሁ የምትፈልጉት እሱ ላይሆን ይችላል። የውሃ መስመር ወይም የመብራት ገመድ ማቀፊያ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት።

ሽቦ አስገብቶ መለካት ይሠራል?

ይሠራል፤ ቧንቧ ሠራተኞች የተዘጋ ቱቦ የሚከፍቱበት ጠመዝማዛ ስፕሪንግ ለዚህም ይውላል። ከማንሆሉ ወደ ታንኩ አቅጣጫ አስገቡት። ሲቆም፣ ቱቦው አፍ ላይ ባለው የስፕሪንጉ ክፍል በፕላስተር ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ለኩ። ሰባት ሜትር ላይ ቆመ እንበል። ሰባት ሜትር ላይ ወይ መታጠፊያ አለ፣ ወይ የዘጋው ነገር አለ፣ ወይ የታንኩ መግቢያ ነው። ለይቶ አይነግራችሁም። ልኬቱም የቱቦው ርዝመት እንጂ በመሬት ላይ ያለው ቀጥታ ርቀት አይደለም፤ መሃሉ ከታጠፈ ይለያያል። ስፕሪንጉ ጫፍ ላይ ይዞት የሚመጣውን ነገር ግን እዩ። ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሥር ይዞ ከወጣ የቱቦው መጋጠሚያ ተከፍቶ ዛፍ ገብቶበታል። ያኔ በዚያ አካባቢ ያለውን ዛፍ አይታችሁ ቦታውን መገመት ትችላላችሁ።

መሬቱን በፌሮ እየወጉ መፈለግስ?

አፈር ከሆነ፣ በጥንቃቄ፣ አዎ። ጫፉ የተደፈነና ያልሾለ ፌሮ ያዙ። ከአንድ ቀን በፊት መሬቱን ውሃ አጠጡት። ከዚያ በመዶሻ ሳይሆን በእጃችሁ ክብደት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ቱቦው ያልፋል ብላችሁ የገመታችሁትን መስመር አቋርጣችሁ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ። ድንጋይ ሲነካ ፌሮው «ቂው» ብሎ እጅን ይመልሳል። ፒቪሲ ሲነካ «ዱብ» ይላል፤ ትንሽ ተንሸራቶ ወደ ጎን ማምለጥ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ቦታ በአንድ መስመር «ዱብ» ካለ ትንሽ ጉድጓድ በአካፋ ክፈቱና አረጋግጡ።

የመብራት ገመድ በዚያ በኩል ከመሬት በታች የሚያልፍ ከመሰላችሁ ግን ይህን ዘዴ እርሱት። ብረት ይዞ በእርጥብ መሬት ላይ ገመድ መውጋት ሕይወት ያሳጣል። ቆጣሪው የት እንዳለና ገመዱ ወደ ቤቱ በየት እንደሚገባ ሳታዩ አትጀምሩ። ከሰርቪስ ቤቱ ወይም ከውጭ መብራቱ የሚመጣውንም ጨምሮ ነው።

ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያገኘዋል?

ፒቪሲን አያገኝም። የታንኩን ክዳን ግን ያገኛል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ አለ። ችግሩ የተነጠፈው ወለል ራሱ ፌሮ ካለው ሁሉም ቦታ ይጮሃል።

ካሜራስ?

ገንዘቡ ካለ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። የባለሙያው ካሜራ ጫፍ ላይ ምልክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ አብዛኞቹ በ512 ኸርዝ ነው የሚሠሩት። ካሜራው ከሥር ሲሄድ አንድ ሰው ከላይ መቀበያውን ይዞ ይከተለዋል፤ ምልክቱ የጎላበት ቦታ ላይ በኖራ ያሰምራል። በፒቪሲም በብረት ቱቦም ይሠራል፤ ጥልቀቱንም ይገምታል። ሠራተኛ ስትጠሩ «ካሜራ አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ከላይ የሚከታተል መሣሪያስ አለው?» በሉ። እሱ ከሌለ ቪዲዮ አይታችሁ ትቀራላችሁ፤ ቦታው አይታወቅም።

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ካሜራዎች ገመዳቸው አጭር ነው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የሚለውን ለማየት ግን ይበቃሉ።

መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳርም አለ። ቦሌና ቃሊቲ አካባቢ እንዳለው ባለ ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን፣ ሞገዱ ሩቅ አይሄድም። ለአንድ ግቢ አልመክረውም።

ሁለት የታጠፈ ሽቦ ይዞ የሚፈልግ ሰው አለ። ላምጣው?

በሙከራ ሲፈተን ከግምት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ገንዘባችሁን ለካሜራው አስቀምጡ።

አንድ ቦታ ላይ ሳሩ ከሌላው ይለመልማል። ምልክት ነው?

በበጋ ከሆነ፣ አዎ። ጥር ላይ ግቢው ሁሉ ቢጫ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ከሥሩ ውሃ የሚያገኝበት ምክንያት አለ። ይህ ማለት ግን ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ማፍሰሱንም አገኛችሁ ማለት ነው፤ ጤነኛ ቱቦ ሳር አያጠጣም። በክረምት ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ ምልክቱ ይጠፋል። በክረምት ይልቅ የሰረገደ ቦታ ፈልጉ። ቱቦ የተቀበረበት ቦይ በደንብ ካልተደለደለ ከዝናብ በኋላ ረዘም ያለ ቀጭን ኩሬ ይሠራል።

ጥቁር አፈር ላይ ለሠራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ እንዲህ ሲያደርግ የቱቦ መጋጠሚያ ይላቀቃል። ስለዚህ እዚያ የቱቦውን መስመር ማወቅ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ቶሎ ያስፈልጋችኋል።

ታንኩን አገኘሁት። ክዳኑን ከፍቼ ልይ?

ክዳኑን ማንሣት ሌላ ነው፣ ውስጥ መግባት ሌላ ነው። መግባት በፍጹም አይቻልም። ለአንድ ደቂቃም፣ የወደቀ ቁልፍ ለማንሣትም፣ ጉድጓዱ ተመጥጦ ባዶ ቢሆንም አይቻልም።

ውስጡ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ይላል፤ አደጋው ግን ያኔ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። በዚህ አደጋ ደጋግሞ የሚታየው አንድ ሰው ገብቶ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛውም አብሮ መሞቱ ነው። ሰው ቢወድቅ ከላይ ሆናችሁ እርዳታ ጥሩ፤ ተከትላችሁ አትግቡ። ሚቴንም ስላለ ሲጋራ፣ ክብሪትና ሻማ አይቅረብ። ለማየት ባትሪ ይበቃል።

ክዳኑም ራሱ ያሰጋል። ያረጀ ኮንክሪት ከሥሩ በጋዙ ይበላል። ከላይ ደህና መስሎ መሃሉ ላይ ስትቆሙ ሊደረመስ ይችላል፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ከእሱ ውጭ ቁሙ። ክፍቱን ትታችሁ ለምሳ አትሂዱ፤ ግቢ ውስጥ ሕፃን አለ።

ታንኩ ላይ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበታል። ምን ይሻላል?

ያጋጥማል። ክዳኑ ከሰው መኝታ ሥር ከሆነ ጋዙ በስንጥቅ ወደ ክፍሉ ሊገባ ይችላል። ሰው እዚያ እንዳይተኛ አድርጉና መሃንዲስ አሳዩ። የአየር ማስወጫ ቱቦ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ መፍትሔው ግን ወይ ክፍሉ ወይ ታንኩ መነሣቱ ነው።

ቱቦው በመሬት ውስጥ የውሃ ታንከራችን አጠገብ ነው የሚያልፈው። ያሳስባል?

አዎ፣ ከዚህ ገጽ ጥያቄዎች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ የኮንክሪት ታንከር ቀብሯል። የውሃ ታንከሩ ሲሰነጠቅና አጠገቡ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ሲያንጠባጥብ አፈሩ ሁለቱን ያገናኛል። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ባዶ ሲሆን ግን የውጭው ወደ ውስጥ ይገባል። የውሃው ሽታ ወይም ቀለም ከተለወጠ፣ ወይም ቤተሰቡ ተራ በተራ ተቅማጥ ከያዘው፣ ታንከሩን መጠቀም አቁሙ። በዚያ መስመር ያለውን ቱቦ አስፈትሹ። ውሃውን ማፍላት ለጀርሙ ይጠቅማል፤ ስንጥቁን ግን አይደፍንም።

ግቢዬን አገላብጬ ታንክ አጣሁ። ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ቤታችሁ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቶ ይሆናል። የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ መስመሩ በሰፈራችሁ ማለፉን ጠይቁ። ከአጥራችሁ ውጭ መንገዱ ላይ ትልቅ ክብ ማንሆል ካለም ፍንጭ ነው። ሌላው ዕድል ታንኩ የጋራ መሆኑ ነው፤ በኮንዶሚኒየም እንደዚያ ነው።

አገኘሁት። ዳግመኛ እንዳይጠፋኝ ምን ላድርግ?

ቱቦው ክፍት እያለ ፎቶ አንሡ፤ ሜትሩን አብራችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ማንሆልና ታንኩን ከሁለት የማይንቀሳቀሱ ማዕዘኖች ለኩ። ለምሳሌ ከቤቱ የግራ ማዕዘን 6.40፣ ከአጥሩ ምሰሶ 3.15። ሁለት ልኬት ካለ ቦታው ከሁለት ነጥብ አይበልጥም፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ ከጻፋችሁ አንድ ብቻ ይሆናል። አንድ ልኬት ግን ክብ መስመር እንጂ ቦታ አይሰጥም። ዛፍንና የውሻ ቤትን መነሻ አታድርጉ፤ ይነሣሉ። ወረቀቱን ከካርታው ጋር አስቀምጡ፤ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይተላለፋል። ስትደፍኑም ከቱቦው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀለሙ የሚታይ ፌስታል ወይም ሪባን ዘርግታችሁ ቅበሩ። ወደፊት የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሆናል።

ጉድጓዱን ላስመጥጥ ነው። በዚያ አጋጣሚ የምፈልገው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። መኪናው መጥጦ እንደጨረሰ ሹፌሩን አምስት ደቂቃ ለምኑት። ታንኩ ሲሞላ የማይታየው የቱቦው መግቢያ አሁን ይታያል። ከጉድጓዱ አፍ ርቃችሁ በባትሪ አብሩ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ውሃ ይልቀቅ፤ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚገባ ታያላችሁ። ሁለት መግቢያ ካለ ሁለት መስመር አለ። በመሃሉ ግድግዳ ካለም ሁለተኛው ክፍል ክዳኑ ሌላ ነው፤ እሱም መመጠጡን ሳታዩ ሂሳቡን አትክፈሉ።